ያ አስተማሪ አላባረረሽም

ውድ እህቴ፣

ዛሬ ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ጥፋቴን እነግርሻለሁ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ከሰላምታው ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ጉልበቴ ሕመም እያልኩ ወረቀቱን ሞልቼ እንደምገላገል ራሴን አውቀዋለሁ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያደረግኩ ሸሽቼሻለሁ።

ያ አስተማሪ አላባረረሽም። ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።

እናታችን እስክትሞት የረገመችው፣ አንቺም ባለፈው ደብዳቤሽ «ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ እሱን የሚመስል ሽማግሌ አይቼ ፊቴን አዞርኩበት» ብለሽ የጻፍሽልኝ ሰው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረሽም። ያን ጊዜ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንቺ ስምንት። ትንሹም ትልቁም ባንድ ክፍል ይማር ስለነበር ከኋላ ወንበር አጠገቤ እንድትቀመጪ የፈቀደው እሱ ነው። እሱ የሚናገረውን እኔ በእጄ እያቀበልኩሽ ትማሪ ነበር። ልጆቹ ግን በእጃችን ስንነጋገር እያዩ «ዝንጀሮዎቹ» ይሉን ጀመር። አንቺ አትሰሚም። እኔ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ለእናታችን «አስተማሪው ከእንግዲህ እንዳታመጣት ብሏል፤ ለማትሰማ ልጅ ቦታ የለኝም አለ» አልኳት። በማግስቱ ለአስተማሪው ደግሞ «እናቴ ለቤት ሥራ ፈልጋ አስቀረቻት» አልኩት። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ በመካከላቸው የምመላለሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። በሁለተኛው ጊዜ ፊደል በቀይ ቀለም ጽፎ «ቤት ሆና ትለማመድበት» ብሎ ደብተር ላከልሽ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። አንቺ ደግሞ ክረምት እስኪገባ ድረስ በየማለዳው ፊትሽን ታጥበሽ በሩ ላይ ትቆሚ ነበር። እኔ ባጠገብሽ አልፌ እሄድ ነበር። አክስታችን ወስዳ እንዳንቺ ያሉ ልጆች የሚማሩበት እስክታስገባሽ ድረስ ሦስት ዓመት አለፈ። እነዚያን ሦስት ዓመታት የበላሁብሽ እኔ ነኝ። በቤታችን ያን አስተማሪ «አንቱ» ያለው ሰው የለም፤ «እሱ ሰውዬ» እንደተባለ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ይህን ለሟቿ ባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ ለእሱ መንገር ግን ለእኔ ዓይነቱ ፈሪ ይቀላል፣ ሰምቶ ዝም ይላል። አንቺ ዝም እንደማትዪኝ አውቃለሁ። ዝም እንድትዪኝም አልፈልግም።

አሁን የምትመልሺልኝ ከሆነ፣ እንዴት ነሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? መርፌ ክር ማስገባት አቃተኝ ብለሽ ነበር፤ መነጽሩን ገዛሽ ወይስ አሁንም ያንቺን ክር የምታስገባው ልጅሽ ናት? ባለቤትሽ ከጀርባ ሕመሙ ተነሣ? ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ግን እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ብቻዬን የምበላውን ብቻዬን አበስላለሁ፤ ሲያርብኝ የምሰድበው ሰው ስለሌለ ራሴን እሰድባለሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያስለፈለፈኝ ነገር አለ። እኔ ይቅርታ ልለምን ብዬ ብቻ አልተነሣሁም። ያ ውሸት ተመልሶ መጥቶ ኪሴ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው በትምህርት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የተሰበረ ወንበር እጠግናለሁ፣ ቁልፍ እቀይራለሁ፣ ደወል እደውላለሁ፣ ሲያስፈልግም ደብዳቤ አደርሳለሁ። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል አንዲት መስማት የማትችል ልጅ ገባች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀድሞ በሌላ ከተማ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረች፤ አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ እናቷ እዚህ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሥራ አግኝታ ይዛት መጣች። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ስጠግን መጥታ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፤ የመዶሻውን ምት በእጇ ልትሰማ። አንቺም እንደዚያው ታደርጊ ነበር። እኔም በእኛ ምልክት «ራበሽ ወይ?» አልኳት። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ያናገራት ይመስል ፈዝዛ አየችኝ።

የክፍሉ መምህርት ወጣት ናት፤ በማስተማር ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከእረፍት በኋላ «የልብ ሰዓት» የምትለው ትምህርት አላት። ወንበሮቹ ክብ ሆነው ይደረደራሉ፤ ልጆቹ የተናደደ፣ የፈራ፣ ደስ ያለው ፊት ከተሳለባቸው ካርዶች አንዱን አንሥተው «ዛሬ እኔ ይህን ነኝ» ይላሉ፣ ምክንያቱንም ይናገራሉ። ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። በእኛ ጊዜ ስሜታችንን የሚጠይቀን አርጩሜ ነበር። ወንበሮቹን የማነሣውና የምመልሰው ግን እኔ ስለሆንኩ ሳልወድ በግድ ስሰማ ከረምኩ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ የፈራውን ፊት አንሥቶ «አባቴ ሲመጣ የበሩ ድምፅ ያስፈራኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

ታዲያ አንድ ረቡዕ መምህርቷ ጥጥ ይዛ መጣች። ልጆቹ ሁሉ ጆሯቸውን ደፍነው ያን ሰዓት ያለ ድምፅ እንዲያሳልፉ፣ የጓደኛቸው ሕይወት ምን እንደሚመስል እንዲገባቸው። ሐሳቧ ደግ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ነገሩ ጨዋታ ሆነ። አፍ ማላወስ፣ እጅ ማወናጨፍ ተጀመረ። አንድ ወፍራም ልጅ እንደ ዓሣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ እጁን ሲያራግብ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የራሳቸውን ሳቅ እንኳ አይሰሙትም። ልጅቷ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቃኘችና ተነሥታ ወጣች። መጋዘኔ ውስጥ አገኘኋት። አላለቀሰችም። የአሸዋ ወረቀት አንሥታ አንድ ጣውላ በንዴት ትፈገፍግ ነበር፤ እንደ መስተዋት አድርጋዋለች።

እኔ መምህር ፊት የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ገብቼ፣ «ልጄ፣ ጥጡ ያስተማራቸው የጎደላትን ነው። ያላትን ማን ያስተምራቸው?» አልኳት።

ትቆጣለች ስል፣ «እርስዎ የምልክት ቋንቋ ያውቃሉ እንዴ አባባ?» አለችኝ።

«አሳምሬ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቱታዬን እንደለበስኩ በክቡ መካከል ቆምኩ። አሥር ቃል አስተማርኩ። «እናት» ብዬ የግራ ቅንድቤን በአውራ ጣቴ ነካሁ፤ አርባ ልጅ ቅንድቡን ነካ። «አባት» ብዬ የደረት ኪሴን መታ መታ አደረግኩ፤ አርባ ልጅ ደረቱን መታ። «መቆጣት» ብዬ ጆሮዬን ወደ ታች ሳብኩ። ይህን ጊዜ ልጅቷ በሳቅ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወለል ላይ ቁጭ አለች። እንዲያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም። ከዚያ ተነሥታ መጣችና እጄን ከቅንድቤ ላይ ይዛ አወረደችው፤ ልክ መምህር የተሳሳተ መስመር እንደሚሰርዝ። እናት የሚባለውን በትክክለኛው አሳየችን።

አሁን አንቺም ስቂብኝ። ያ ቅንድብ የእናታችን ጠባሳ ነው፣ የጓሮው በር ያቆሰላት። ኪሱ የአባታችን የትምባሆ ኪስ ነው። ጆሮ መሳቡ ደግሞ አጎታችን ሲቆጣ የሚያደርገው። እኔ ሽማግሌው የአንድ ቤት ምልክት ይዤ የዓለም ቋንቋ አውቃለሁ ስል ኖሬያለሁ። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የገባኝ ነገር ከሳቁ ይበልጣል። አንቺ ለእረፍት ስትመጪ ትክክለኛውን ታውቂ ነበር፤ ከእኔ ጋር ስታወሪ ግን ወደ እኛው ቅንድብና ኪስ ትመለሺ ነበር። አንድ ቀን «ያንቺን አስተምሪኝ» ብዬሽ አላውቅም። በድዬሽ ሳበቃ ወደ እኔ ዝቅ ብለሽ የምታወሪኝ አንቺ ነበርሽ።

ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ መምህርቷ ልጅቷ ሆነች። በየሳምንቱ አሥር ቃል። ሞኝ የሚመስለው ወፍራሙ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ያዘው፤ በእጇ ስትጠራ ቀድሞ አቤት የሚላት እሱ ነው። ሲናገር የሚንተባተብ አንድ ልጅ አለ፤ በእጁ ሲያወራ አይንተባተብም። ልጆቹ በሜዳው ወዲህና ወዲያ ሆነው ሳይጮኹ ይጠራራሉ። ለእኔም ስም አወጣችልኝ፤ እርሳስ ከጆሮዬ ኋላ ስለምሰካ ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ የሆነው በሦስት ወር ውስጥ ነው።

ደስታው የከነከናቸው ሰዎች ግን አልጠፉም። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፤ የወፍራሙ ልጅ አባት። «ልጄ እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ የሚለኝ በእጁ ሆኗል፤ ድዳ ይሁንልኝ ብዬ አላስመዘገብኩትም» ብሎ ከሰሰ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ የአራተኛ ክፍል የንባብ ውጤት ዝቅ ያለው በልጅቷ ምክንያት ነው ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ማኅተሙን ኪሳቸው ይዘው ስለሚዞሩ እኛ ሠራተኞቹ በሌሉበት «ማኅተሙ» እንላቸዋለን። ነገር የሚፈሩ፣ ነገር ሲመጣ ወረቀት የሚያስቀድሙ ሰው ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ጠሩኝ። ወንበር እንድስብ ነገሩኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ሲሰጡኝ የመጀመሪያዬ ነው። የተጻፈ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። «ወላጅ በራሳቸው ፈቃድ ልጃቸውን ከትምህርት ገበታ አስወጥተዋል» ይላል። ከሥሩ የወላጅ የጣት አሻራ ቦታ አለ፤ ከዚያ ሥር «ምስክር» ተብሎ ሥራዬ ተጽፏል። እናትየዋ ማንበብ አትችልም።

«እርስዎን ታምናለች» አሉኝ። «ለልጅቷም የሚሻለው ለእሷ ዓይነቶቹ ወዳለው ትምህርት ቤት ብትሄድ ነው። አስፈርመው፣ ፈርመው ሰኞ ለስብሰባው ያምጡልኝ። ጡረታዎም ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ በሰላም ቢጨርሱ ደስ ይለኛል።»

ለእሷ ዓይነቶቹ ያለው ትምህርት ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው። እናትየዋ ሥራዋን ትታ እንደማትሄድ እሳቸውም ያውቃሉ። ልጅቷ የምትሄደው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ወደ ቤቷ በር ነው። ይህን ሁሉ ልላቸው ሲገባኝ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «እሺ ጌታዬ» አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ለአስተማሪው የዋሸሁት ውሸት ነው እኮ፣ ቃል በቃል! ትምህርት ቤቱ አላለም፣ ቤተሰቧ ነው ያስቀራት። ያኔ በአፌ የተናገርኩትን ዛሬ ሰው በጽሕፈት መኪና ጽፎ አመጣልኝ፤ እኔም እሺ አልኩት።

ዓርብ መጸለይ አቃተኝ። «አቤቱ» ስል ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ልብሴን ቀየርኩ፤ አልተወኝም። እግዚአብሔር ያን ጊዜ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ዝም አለኝ፤ ለካስ ተራው የእኔ ነበር።

ቅዳሜ ሆቴሉ ሄድኩ። ማጠቢያው ከምድር በታች ነው፤ እንፋሎቱ ሰውን አያሳይም። እናትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ታጥፍ ነበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ሁለተኛ አስነበበችኝ። ከዚያ ያንቺን ታሪክ ነገርኳት። ይህን ኃጢአት ከሰው ወገን የሰማችው የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ከአንቺ በፊት ስለሆነ ቅር አይበልሽ፣ ልምምድ አስፈልጎኝ ነው። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አቀበለችኝ፤ አብረን አጠፍን። ሦስተኛው አንሶላ ላይ ስንደርስ፣

«አባባ፣ ድሃ መሆኔን ችዬዋለሁ» አለችኝ። «ያላልኩትን አለች ብለው እንዳይጽፉብኝ። ሌላውን እችለዋለሁ።»

መምህርቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ከፈለጉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ያዛውሩኝ እንጂ ዝም አልልም አለች። ይህችን ሰማሽ? ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው ያልኩሽ። እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰውዬ እንደ ልጅ አፈርኩ።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ሰላምታዬን ዛሬ ላድርስ። ለባለቤትሽ፣ ከባድ ነገር ማንሣት ይተው በዪልኝ፤ የሚያነሣው ካጣ እኔን ያንሣኝ። ለታላቋ ልጅሽ፣ አጎትሽ ይስምሻል በያት፤ ክር የማስገባቱን ሥራ ለመነጽሩ አስረክቢና ወደ ጥናትሽ ተመለሺ ብሏል በያት። ለመንቶቹ ለእያንዳንዳቸው እኩል ሰላምታ፤ አንዱን አብልጦ ላከ ብለው እንዳይጣሉ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ በጸሎታቸው ያስቡኝ፣ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ለአንቺ የምልከው ሰላምታ ግን የለኝም። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ትቀበዪኝ እንደሆነ አይቼ እልካለሁ። ብትቆጪ አልከራከርሽም፤ ባትጽፊልኝም እኔ እጽፍልሻለሁ። ከእንግዲህ ግን ማንም፣ አለቃም ይሁን ኮሚቴ፣ ያን ዓይነቱን ቃል በእኔ አፍ አያስተላልፍም። ጡረታውም ቢቀር ይቅር። በጉልበቴ እንጂ በምላሴ አልተቀጠርኩም።

ሰኞ። ፖስታውን ሳላሽገው ቆይቻለሁ፤ የሆነውን ልጨምርልሽ።

ስብሰባው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። ስምንት ሰው። መምህርቷ አፏን ስትከፍት ሊቀመንበሩ «ልጅቷ እኮ በፈቃድ ወጥታለች፣ ምን ያከራክራል?» አላት። ርዕሰ መምህሩም «አዎ፣ ተፈጽሟል፤ ወረቀቱም አለ» ብለው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። የጣት አሻራው ቦታ ባዶ ነው። ከመምህርቷ እስክሪብቶ ለመንኩ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ «ምስክር» ከሚለው ሥር በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እናትየዋ ልጃቸውን አላስወጡም። ልጅቷም ትምህርት አልተወችም። አትምጪ የሚላት ትምህርት ቤቱ ነው። ከላይ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን ከእናቷ አፍ ሰምቼ እመሰክራለሁ።»

ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። ርዕሰ መምህሩ «ምንድን ነው የሚጽፉት?» ሲሉኝ ቀና አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ መጋዘን
ሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን